የፑሚስ ኮንክሪት፦ ሲሚንቶውን በዱቄት ስተካ ኪዩቡ ለምን ከዳኝ?

ቦርከና_ፕሪካስት
ጥቅምት 8

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነኝ። ትንሽ የፕሪካስት፣ ማለትም ኮንክሪት ቀድሞ በቅርጽ የሚሞላበት ግቢ አለችኝ፤ እኔና አምስት ልጆች ነን። ብሎኬት እናመርታለን። ከበርና ከመስኮት በላይ የሚቀመጠውን ሊንቴልም እንሠራለን።

ደንበኞቼ አብዛኞቹ ደሴ ናቸው። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። አይሱዙው ሃረጎን ወጥቶ ፒያሳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ብዙው የእግር መንገድ ነው። ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ መንገዱ ደረጃ ነው። ሊንቴሉን ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ጦሳ ሥር አንድ ቤት ስናደርስ አንዱን ልጅ ጭቃው አዳለጠው። ሊንቴሉ እግሩ ላይ ሊያርፍ ለጥቂት ነው የተረፈው። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ነገር ማቅለል አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሊንቴሉ አንድ ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ 20 በ15 ሴንቲ ነው። በተለመደው ኮንክሪት ፌሮው ሳይቆጠር 108 ኪሎ ይመዝናል። ኮንክሪቱን በሜትር ኪዩብ ወደ 1850 ኪሎ ባወርደው ያው ሊንቴል 83 ኪሎ ይሆናል። 25 ኪሎ ለተሸካሚ ብዙ ነው።

ስለዚህ ጠጠሩን በፑሚስ፣ በዚያ ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀየርኩት። ለብሎኬት የምንጠቀምበት፣ ከአዳማ በኩል የሚመጣው ነው። አሸዋው ያው የወንዝ አሸዋ ነው። ክብደቱስ ወረደ። ጥንካሬውን ለማወቅ በማሽን የምንሰብረው 15 ሴንቲው ኪዩብ ሚዛን ላይ 6.3 ኪሎ መጣ፤ የድሮው 8 ኪሎ ያልፍ ነበር። ጥንካሬው ግን አብሮ ወረደ። ለመመለስ ሲሚንቶ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ከአንድ ቦታ በላይ አልሄድ አለኝ። ሲሚንቶ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሲገኝ ዋጋው፣ ሲጠፋ ደጅ መጥናቱ።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሲሚንቶውን በከፊል በማዕድን ዱቄት መተካት እንደሚቻል አነበብኩ። ሲሊካ ፊዩም፣ የተፈጨ ፑሚስ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይላሉ። ቀላል ሆኖ 60 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) የደረሰ ኮንክሪት ሁሉ አየሁ። እኔ 30 ባገኝ አላህን አመሰግናለሁ።

ሦስት ነገር ሞከርኩ። መነሻዬ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 20 ሊትር ውሃ ነው። በመጀመሪያው ቀን 10 ኪሎ ሲሚንቶ አውጥቼ የእብነ በረድ ዱቄት አስገባሁ። ሰፈራችን እብነ በረድ የሚቆርጡ አሉ፤ ከመቁረጫው ሥር የሚጠራቀመውን ነጭ ጭቃ በነጻ ይሰጡኛል። በሁለተኛው ቀን 10 ኪሎውን በተፈጨ ፑሚስ ተካሁ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ሲሊካ ፊዩም 4 ኪሎ አስገባሁ።

በ7 ቀን ሰበርናቸው። የእብነ በረዱ አሳፋሪ ነው፤ ጠርዙን በምስማር ስፍቀው እንደ በሶ ይረግፋል። የፑሚስ ዱቄቱ ከሙሉ ሲሚንቶው ሲሶ ያህል አነሰ። ሲሊካ ፊዩሙ ያን ሁሉ ገንዘብ በልቶ ከሙሉ ሲሚንቶው ምንም አልተሻለም። ውስጡ አተር አተር የሚያካክሉ ግራጫ ኳሶች አሉበት።

ጥፋቱ የዱቄቱ ነው ወይስ የእኔ? የቱን ልያዝ? ስንት በመቶ? የምታውቁ ንገሩኝ።


የድሮ_ግንበኛ
ጥቅምት 8

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግንብና ኮንክሪት ላይ ነኝ። ደሴ ውስጥ ያሠራሁትን ቤት ብቆጥር አይዘለቅም። አሸዋ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው አቧራ እንዳለው ነው። ጨብጠን እንለቀዋለን፤ መዳፍ ላይ ከቀረ አሸዋው ይታጠባል። አቧራ ኮንክሪት ይገድላል ተብለን ነው የተማርነው። አንተ ደግሞ ገንዘብ ከፍለህ አቧራ ታስገባበታለህ።

ምክሬ አጭር ነው። ዱቄቱን ተወው። ሲሚንቶህን አጥብቀው፣ ውሃህን ቀንስ። ሌላ መድኃኒት የለውም።


ላብ_ውስጥ_ነኝ
ጥቅምት 9

ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ጥፋቱ የሚገኝ ዓይነት ነው። የግንባታ ዕቃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለ ኪዩብ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንዳንድ ነገር ንገረኝ።

የእብነ በረዱን ጭቃ እርጥቡን ነው የከተትከው ወይስ አድርቀኸዋል? ፑሚሱን ቀድመህ ውሃ ውስጥ ነክረኸዋል? ሚክሰሩ ላይ ሆኖ ውሃ የሚጨምረው ማን ነው፣ በምን ይለካል? ሲሚንቶውስ በሦስቱም ቀን አንድ ዓይነት ነበር?

ደግሞ የተሰበሩትን ኪዩቦች እንዳትጥላቸው። ሰው ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ጽፎ ስብርባሪውን ገደል ይጥላል። ትልቁ ወሬ ያለው ስብርባሪው ላይ ነው። የተሰበረውን ፊት ፀሐይ ላይ አውጥተህ እየው። ጠጠሩ ሙሉውን ወልቋል ወይስ እሱም አብሮ ተሰብሯል?


ቦርከና_ፕሪካስት
ጥቅምት 10

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ግንበኛ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ።

ኪዩቦቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ አየኋቸው። የድሮው፣ የጥቁር ድንጋይ ጠጠር ያለበት፣ ጠጠሩ ሙሉ ነው። አንዳንዱ ወልቆ ቦታው እንደ ተነቀለ ጥርስ ጎድጉዶ ቀርቷል። የፑሚሱ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ በዚህኛው ስባሪ ላይ ነው፣ ግማሹ በዚያኛው ላይ። ሁለቱን ሳገጥማቸው ልክክ ይላሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስሰብር ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ስለ ጭቃው እውነቱን ልናገር። እርጥቡን ነው በባልዲ የከተትነው። ዛሬ ባለቤቴን አሮጌ ምጣድ ለምኜ አንድ ኪሎ ጭቃ እሳት ላይ አደረቅኩ። እንፋሎቱ እስኪያቆም ጠብቄ መልሼ መዘንኩት። 750 ግራም ሆነ። ሩቡ ውሃ ነበር ማለት ነው።

ፑሚሱን አልነከርንም። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ልጅ ስጠይቀው፣ መጀመሪያ ጥሩ ይሆናል፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይደርቅብኛል አለኝ። አንድ ጆግ ይጨምራል። ይደርቃል። ሌላ ጆግ ይጨምራል። ስንት ጆግ እንደጨመረ አይቆጥርም። አልተቆጣሁትም፤ እኔም አስተምሬው አላውቅም።

ሲሚንቶው በአንደኛውና በሦስተኛው ቀን ኦፒሲ፣ ተራው ሲሚንቶ ነው። በሁለተኛው ቀን ኦፒሲ ስለጠፋ በፒፒሲ ነው የሠራነው። ልዩነት ያመጣል?


ስትራክቸር_ደሴ
ጥቅምት 11

ወንድሜ፣ የምጣዷ ሥራ በጣም ደስ አለችኝ። ከዚህ በላይ መረጃ የሚያመጣልኝ ደንበኛ ብዙ የለኝም። መልሱን አብዛኛውን ራስህ አግኝተኸዋል።

ያ እንደ ዳቦ የተቆረጠው ጠጠር የጉዳዩ ዋና ነው። በተለመደው ኮንክሪት ጠንካራው ጠጠሩ ነው። ስንጥቁ ጠጠሩን ዞሮ በሲሚንቶው በኩል ያልፋል። በፑሚስ ግን ደካማው ራሱ ጠጠሩ ነው፤ ስንጥቁ በመሃሉ ሰንጥቆት ይሄዳል። እንግዲህ ሲሚንቶ ብትጨምር ጠጠሩ አይጠነክርልህም። ለዚህ ነው ከአንድ ቦታ አልሄድ ያለህ። ጋሼ ግንበኛ ስለ ውሃው የተናገሩት ልክ ነው። ሲሚንቶ አጥብቅ ያሉት ግን ለጥቁር ድንጋይ ጠጠር እንጂ ለፑሚስ አይሠራም። ከዚያ ወሰን በላይ የምትጨምረው ሲሚንቶ ገንዘብህን ነው የሚበላው።

ወሰኑን ከፍ ለማድረግ ጠጠሩን ነው የምትነካው። የፑሚስ ትልቁ ፍሬ ትልልቅ ቀዳዳ አለው፤ ትንሹ ይሻላል። ከ10 ሚሊ በላይ ያለውን በወንፊት አውጣው። ከዚያ ከፊሉን በቀይ አሽ፣ በቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተካው። ቀይ አሽ ከፑሚስ ጥቂት ይከብድሃል፤ ግን ይጠነክራል። 60 ሜጋፓስካል የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በምድጃ ከ1100 ዲግሪ በላይ ተጠብሶ የተነፋ የሸክላ ጠጠር ይዘው ነው። የእኛ ፑሚስ ያን አይሰጥህም፤ 30 ግን ይሰጥሃል።

ፑሚሱን ከመሙላትህ አንድ ቀን በፊት ንከረው። ጠዋት አውጥተህ ላዩ እስኪጠፈጠፍ ጠብቅ። ደረቁን ከከተትከው የሚክሰሩን ውሃ ይጠጣዋል፤ የልጁ ጆግ የመጣው ከዚያ ነው። የጠገበ ፑሚስ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ያጠራቀመውን ውሃ ቆይቶ ለሲሚንቶው ይሰጠዋል፣ ከውስጥ ያጠጣዋል።

አሁን ወደ ዱቄቱ። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀዳዳ ይሞላል እንጂ እንደ ሲሚንቶ አይጣበቅም። 20 በመቶ ስታስገባ ሲሚንቶውን አቀጠንከው። በዚያ ላይ ውሃው አለ። 10 ኪሎ ጭቃ ውስጥ 2.5 ሊትር ነበር። ውሃህ 22.5 ሊትር፣ ሲሚንቶህ 40 ኪሎ ሆነ። የውሃና የሲሚንቶ ንጽጽሩ 0.40 የነበረው 0.56 ገባ፤ ያውም የጆጉ ሳይቆጠር። በምስማር ቢፈቀፈቅ አይገርምም። መጠቀም ከፈለግህ አድርቀህ፣ ነፍተህ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ።

የተፈጨ ፑሚስ ግን እውነተኛ ሥራ ይሠራል። የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲጠነክር ኖራ ይለቃል። ያ ኖራ ለጥንካሬው ብዙም አይጠቅም። በደንብ የደቀቀ ፑሚስ ኖራውን ይይዝና ወደ ማጣበቂያ ይለውጠዋል። ሮማውያን የዛሬው ሲሚንቶ ሳይኖር በኖራና በእሳተ ገሞራ አመድ የገነቡት በዚሁ መንገድ ነው። ሮም ያለው የፓንቴዮን ቤተ መቅደስ ጉልላት አናቱ ላይ ጠጠሩ ፑሚስ ነው፤ ከሁለተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አለ።

ይህ ሥራ ግን ቀስ ብሎ ነው። በ7 ቀን ብትሰብረው ሁልጊዜ ያሳዝንሃል። በ28 ቀን ይቀርባል፣ በ56 ብዙውን ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ በ7 ቀን አትፍረድበት። ብርድም ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2500 ትጠጋለች። የኅዳርና የታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ለእንዲህ ዓይነት ኮንክሪት አይመችም። እዚያው ኮምቦልቻ ሙላው፣ እዚያው ቢያንስ 14 ቀን አጠጣው፣ እስኪጠነክር ሃረጎን እንዳይወጣ።

በሁለተኛው ቀን የሆነው ደግሞ ይኸው ነው። ፒፒሲ ማለት ፋብሪካው ራሱ ፑሚስ ወይም ሌላ ፖዞላና (እንዲሁ ኖራውን የሚይዝ ዕቃ) ፈጭቶ የቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው። በደረጃው እስከ 35 በመቶ የሚደርስ አለ። አንተ በላዩ 20 በመቶ ጨመርክበት። ዱቄት የምትጨምረው ኦፒሲ ላይ ብቻ ነው። ፒፒሲ ከሆነ ምንም አትጨምር።

ሲሊካ ፊዩሙ ጎበዝ ዕቃ ነው፤ ፍሬው ከሲሚንቶ ፍሬ መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል። ያ ድቀቱ ግን ውሃ ይጠማዋል፤ ሱፐርፕላስቲሳይዘር የሚባለው፣ ውሃ ሳይጨመር ኮንክሪቱን የሚያላላው ኬሚካል ከሌለ አይፈታም። ያየሃቸው ኳሶች ሳይበተን የቀረ ሲሊካ ፊዩም ናቸው። ለ30 ሜጋፓስካል አትግዛው። ገንዘቡን ለኬሚካሉና ለጥሩ ሚዛን አድርገው።

እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ፦ 42.5 ኪሎ ኦፒሲ፣ 7.5 ኪሎ የተፈጨ ፑሚስ፣ ውሃ 20 ሊትር፣ ኬሚካሉ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ። 15 በመቶ ማለት ነው። አጠገቡ ሙሉ ሲሚንቶውን በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሲሚንቶ ሙላ። ያለዚያ ከምን ጋር ልታወዳድረው ነው?

አንድ ነገር በብርቱ ልለምንህ። ሊንቴል ግድግዳ ተሸካሚ ነው። ኪዩቡ 30 ስላሳየ ብቻ በድሮው ፌሮ እንዳትሞላው። ቀላል ኮንክሪት በተመሳሳይ ጥንካሬ ይበልጥ ይጎብጣል። በዩሮኮዱ፣ በአውሮፓው የግንባታ ደንብ ስሌት 1900 ኪሎ የሚመዝነው ግትርነቱ የተለመደውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሸር በሚባለው የመቆረጥ ኃይልም ላይ ያንሳል። ፌሮውና እሱን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ስታፋው፣ እንደገና ይሰላ። ሥዕሉን ላክልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ። ይህ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ ያውቃል፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የደረሰውን አባቶቻችን ይነግሩናል። ከራስ በላይ ያለ ነገር መቅለሉ በዚያም በኩል ጥሩ ነው፤ ደካማ መሆኑ ግን አይፈቀድም።


የድሮ_ግንበኛ
ጥቅምት 11

የተቆረጠው ጠጠር ነገር አልገባኝም ነበርና እኔም ዛሬ አንድ የፑሚስ ብሎኬት ሰብሬ አየሁ። እውነት ነው፣ ጠጠሩ ነው የሚሰበረው። ሲሚንቶ ጨምር ያልኩህን ተወው ልጄ።

ውሃ ማጠጣቱን ግን ከእኔ ስማ። ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ ማጠጣት አይደለም። ጆንያ አርጥበህ አልብሰው፤ ጆንያው እንዳይደርቅ። ፀሐይና ነፋስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያደርቁታል። እጅህን ከጆንያው ሥር አስገብተህ እየው፤ እርጥብና ቀዝቃዛ መሆን አለበት።


ላብ_ውስጥ_ነኝ
ጥቅምት 12

በኢንጂነሩ ላይ የምጨምረው ስለ መፍጨቱ ነው። ፑሚሱን በምንድነው የምታስፈጨው? እህል ወይም በርበሬ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት እንዳትወስደው። ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ሽሮ ነው፤ የመስታወት ብናኝ ይገባበታል። ልጆቹም አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው አይሥሩ። ደህና የአቧራ ማስክ ግዛላቸው። ያ ነጭ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ድቀቱ ወሳኝ ነው። በእጅህ ስታሸው እንደ ጤፍ ዱቄት መለስለስ አለበት፤ ከኮረኮረህ አሸዋ ነው፣ ዱቄት አይደለም። እጅ ግን ይሳሳታል። እኛ በ45 ማይክሮን ወንፊት በውሃ እናጥበዋለን፤ ከመቶው ከ34 በላይ ወንፊቱ ላይ ከቀረ አንቀበለውም። ቀጥሎ 20 በመቶ ሲሚንቶ ተክተን ሞርታር እንሠራለን። የሙሉ ሲሚንቶውን 75 በመቶ ጥንካሬ ካላመጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ኪሎ ዱቄት ይዘህልኝ ና፣ እሞክርልሃለሁ።


ቦርከና_ፕሪካስት
ታኅሣሥ 17

ቆየሁባችሁ። 56ኛውን ቀን እየጠበቅኩ ነበር።

ጥቅምት 20 ሞላን። ለምግብ መፍጨት ያቆመ አሮጌ ወፍጮ አገኘሁ፤ ፑሚሱን ሁለት ጊዜ አሳለፍነው። የመጀመሪያው ዱቄት በላብራቶሪዋ እህቴ ወንፊት ሳያልፍ ቀርቶ ነበር፤ ሁለተኛው አለፈ። ፑሚሱን በ10 ሚሊ ነፋነው፤ ሲሶውን በቀይ አሽ ተካሁት። ማታ በርሜል ውስጥ ነከርነው። ጆጉን ከሚክሰሩ አጠገብ አነሳሁት። ውሃው ሁሉ በሚዛን ነው የገባው። ልጁ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጠራኝና፣ ዛሬ አልደረቀም አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

በ7 ቀን ዱቄት ያለበት እንደተባለው አነሰ። ያልነገራችሁኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው እተወው ነበር። በ28 ቀን ተጠጋ። ትናንት 56ኛው ቀን ነበር፤ ሦስት ኪዩብ ሰበርን፣ አማካዩ 31 መጣ። ከሙሉ ሲሚንቶው የሚለየው በአንድ ሜጋፓስካል ነው። ኪዩቡ 6.5 ኪሎ ይመዝናል። ፊቱን አየሁት፤ አሁንም ጠጠሩ ተቆርጧል፣ ቀይ አሹ ግን ብዙው ሙሉ ነው።

ኢንጂነር፣ የላኩልኝን ስሌት ተከትለን ስታፋውን አቀራርበናል፣ የታችኛውንም ፌሮ በአንድ ቁጥር አወፍረናል። ጋሼ፣ ጆንያው ለ14 ቀን አልደረቀም፤ ሌሊት ሳይቀር እጄን እየከተትኩ አይቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሊንቴሎች ባለፈው ሳምንት ደሴ ወጡ። ፌሮው ሳይቆጠር 87 ኪሎ ናቸው። ያ ያዳለጠው ልጅ ከፊት ሆኖ ነው የያዘው። ደረጃው መሃል ላይ ማረፍ ለምደው ነበርና ቆም አሉ፤ ተያዩና ሳያወርዱ ቀጠሉ።

ኦፒሲ ሲጠፋ ዱቄቱን አስቀምጠን በፒፒሲው ብቻ እንሞላለን፤ ይህን ግድግዳው ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ። እህቴ፣ ባለወፍጮው ድንጋዩን ቀይሯል። ዱቄቱ ሳይለወጥ አይቀርም። አንድ ኪሎ ለይቻለሁ፤ ሐሙስ ይዤልሽ እመጣለሁ።